ስድስት ቅርጫት ፍግ

ሰርክአዲስ አዝመራው በዝናብ መለኪያው ውስጥ ዝንብ ሰጥማ ብታገኝ ዝንቧንም የምትመዘግብ ሴት ነበረች። ይህን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አቶ አዝመራው ዳንግላ ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት ዝናብ ሲለኩና ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ታመው ሳይለኩ የዋሉበትን ቀን ባዶ ይተዉታል እንጂ በግምት አይሞሉትም። ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ በግብርና ኤክስቴንሽን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ የሰጧት ምክር አንድ ነበር፦ «ያየሽውን ጻፊ፤ ያላየሽውን አላየሁም በዪ።»

በ2003 ዓ.ም. ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በጥርባ በኩል ባለች ቀበሌ ተመደበች። ጠዋት በማሠልጠኛ ጣቢያው ከገበሬዎች ጋር ትውላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ታስተምራለች። አገውኛ ስለማትችል የክበቡ ልጆች አስተርጓሚዎቿም ሆኑ። ከሁሉም የምታምናት ፍቅርአዲስን ነበር። ፍቅርአዲስ የገበሬው የአያ ውዱ ልጅ፣ በ2005 የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከአፏ ቃል ማውጣት ያስቸግራል፣ ከእስክሪብቶዋ ግን የሚያመልጥ የለም።

የዚያ አገር አፈር አሲዳማ ነው፤ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ሰኔ 2005 ላይ ሰርክአዲስ ከአያ ውዱ ማሳ አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ ለሙከራ ለመነች። ግማሹ አሲዱን የሚያበርድ ኖራ ይበተንበታል፣ ግማሹ እንዳለ ይቀራል፤ የቀረው ሁሉ በሁለቱም በኩል እኩል ይሆናል፤ ልዩነቱን ልጆቹ ይመዘግባሉ። አያ ውዱ ኖራውን ከአስፋልቱ በፈረስ ሲያመላልሱ ዋሉና፣ «ይህን ሁሉ ነጭ ዱቄት ለአፈር ከምታበሉት ለኔ ብትሰጡኝ ቤቴን እቀባበት ነበር» አሉ። ፍቅርአዲስ ስትተረጉም ሳቋን መያዝ አቃታት።

ጥቅምት ላይ አቶ አዝመራው ሞቱ። ሰርክአዲስ አርባቸውን አውጥታ ስትመለስ ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ በልጆቹ ተመዝኖ ጠበቃት። ኖራ ያገኘው ግማሽ ሦስት ኩንታል፣ ሌላው አንድ ኩንታል ከጥቂት። ከአባቷ ሞት ወዲህ የሰማችው የመጀመሪያው ደግ ወሬ ይህ ነበር።

የካቲት ላይ እንጅባራ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሊደረግ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የፍቅርአዲስን ደብተር ስታገላብጥ አንድ መስመር ላይ ቆመች፦ «ሐምሌ 9። አባቴ በኖራው በኩል ስድስት ቅርጫት ፍግ ጨመረ። በሌላው በኩል ምንም።»

ልጅቷን ይዛ ወደ አያ ውዱ ቤት ሄደች።

«አያ ውዱ፣ ፍጉን በአንድ በኩል ብቻ ነው ያደረጉት?»

«አዎ» አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። «ያ በኩል የእናንተ አይደል? ለእንግዳ ደረቅ እንጀራ ይቀርባል እንዴ? የራሴን እኔ እችለዋለሁ።»

ሰርክአዲስ ያኔ ትዝ አላት። ማሳውን በገመድ ሲከፍሉ ነገሩን ለማሳጠር «ይሄኛው የኛ፣ ያኛው የእርስዎ» ያለችው ራሷ ናት። ሰውየው ቃሏን አምነው፣ የእንግዳውን ድርሻ አሳምረው፣ በራሳቸው ድርሻ ተጎድተዋል።

ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ «ያቺን መስመር እንተዋት» አለች።

«ለምን ቲቸር?»

«ፍጉ ትንሽ ነው። ውጤቱን አይለውጠውም።»

«እንዴት አወቁ?»

አላወቀችም። «ጊዜ የለንም ፍቅሬ» አለቻት። ልጅቷ ሁሉንም በንጹሕ ወረቀት ገለበጠችው። ከሐምሌ 8 ወደ ሐምሌ 10 ይዘላል።

ክበቡ ሁለተኛ ወጣ። ሰርክአዲስ በሪፖርቷ «ኖራ ብቻውን ምርቱን ከእጥፍ በላይ አሳደገ» ብላ ጻፈች፤ በዚያው ዓመት እንጅባራ ወደ ዞኑ ቢሮ አደገች።

በተከታዩ ክረምት ሃያ ሰባት ገበሬዎች ኖራ በተኑ። «ብቻውን» የምትለዋን ቃል ሁሉም ሰምቷታል፤ ስለዚህ ፍጋቸውን ኩበት አድርገው ገበያ አወጡት። ኅዳር ላይ ገብሱ እንደ ድሮው ሳሳ። ጣቱ ሁሉ የተቀሰረው አያ ውዱ ላይ ነው፤ በጓሮ በር የተሻለ ኖራ ተሰጥቷቸዋል ተባለ። «ፍግ አድርጌበት ነበር» ቢሉ፣ «ወረቀቱ እንዲያ አይልም» ተባሉ። ጎረቤታቸው ሽባባው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እየጠበቀ፣ «አያ ውዱ፣ ኖራዎ ምን ቢያስቀድሱለት ነው የታዘዘልዎ? የኛው እኮ ሰነፍ ነው!» እያለ ሰው ያስቅባቸዋል። ወንፈል ሲጠሩ የሚመጣ ጠፋ፤ ማሳቸውን ከሚስታቸው ጋር ብቻ ማረም ጀመሩ።

ሰርክአዲስ ይህን ሁሉ ሰምታለች። የአባቷን ሐዘን ምክንያት ልታደርገው ትሞክርና ታፍራለች፤ ሐዘኑማ የእሷ ነበር፣ ዋጋውን የከፈለው ሌላ ሰው ነው። ፍቅርአዲስ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ እንጅባራ አስፋልት ላይ ተገናኙ። ልጅቷ ሶሻል መርጣለች።

«ምነው? ናቹራል ላንቺ አልነበር?»

«እዚያ የሚጻፈውንና የሚቀረውን መለየት ይቸግረኛል ቲቸር።» በትሕትና ነው ያለችው፤ እጅ ነስታ ሄደች።

ግንቦት 2009 ላይ ለአዘናና ለጥሊሊ ገበሬዎች የሚበተን ፖስተር ለፊርማ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። በመሐሉ በትልቁ «ኖራ ብቻውን» ይላል። ብዕሯን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችና ወደ ኃላፊዋ ገባች።

«ቁጥሩ ስሕተት ነው።»

«የማን ቁጥር ነው?»

«የኔ።»

ፖስተሩ ቀረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሰው እንዲሰበሰብላት ለመነች። አስተርጓሚ ሲፈለግ ፍቅርአዲስ ሳትጠራ ተነሣች።

«አያ ውዱ ፍግ ማድረጋቸውን ነግረውኛል» አለች ሰርክአዲስ። «ልጃቸውም ጽፋው ነበር። ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እሳቸው እውነት ተናግረዋል፤ የዋሸው ወረቀቱ ነው።»

ፍቅርአዲስ ስትተረጉም ረዘመ። መሐል ላይ ሴቶቹ ሳቁ፤ ሽባባው አንገቱን ደፋ።

«ምን ጨመርሽ?» አለቻት ሰርክአዲስ ቀስ ብላ።

«ምንም። በአገውኛ ይረዝማል።»

እማማ ያለምወርቅ የሚባሉ ባልቴት በአማርኛ ጠየቋት። «ሦስት ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ?»

«እንጅባራ።»

«በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ነው።»

«አዎ፣ እማማ።»

ከዚያ በኋላ የጠየቃት የለም። ሽማግሌዎቹ ያለችውን በጽሑፍ አድርጊው አሏት፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጻፈች፣ ፍቅርአዲስ ለሕዝቡ አነበበችው። ሰርክአዲስ አያ ውዱ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው አነሧትና፣ «ይበቃል ልጄ፣ ልብስሽ ይቆሽሻል» አሏት።

ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺስ? ይቅር አልሽኝ?»

«እኔ ላስተረጉም ነው የመጣሁት ቲቸር» አለች ፍቅርአዲስ፣ አባቷንም ተከትላ ሄደች።

በሐምሌ የአያ ውዱ ማሳ ሲታረም ወንፈሉ ሞልቶ ሽባባውም መጥቶ እንደነበር ለሰርክአዲስ የነገራት ሌላ ሰው ነው። እሷን የጠራት አልነበረም፤ ሄዳ ለማየትም አልደፈረችም።