ውሃ መጣ ብዬ የደፋሁት ነዳጅ

ዛሬ ጠዋት «ውሃ መጣ!» ሲሉ ሰምቼ ነጠላ ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ ሮጥኩ። እዚህ መካነ ሰላም የቧንቧ ውሃ ሰንብቶ ሲመጣ ሰው ቆሞ አያስብም።

ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ ማንቆርቆሪያውን ሞላሁ። አሁንም ውሃው አልሄደም።

መስኮቱ ላይ ክዳኑ የታሸገ፣ አረንጓዴ ውሃ የያዘ ትልቅ ጠርሙስ አየሁ። የተበላሸ መስሎኝ ደፋሁት። በበረኪና አጥቤ እሱንም ሞላሁት።

ልጄ ተነስታ መጣች። «አባዬ፣ አልጌዬስ?»

ለካ አረንጓዴው ነገር አልጌ የሚሉት ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ ነገር ኖሯል፤ ከኩሬ ቀድታ ስታሳድገው የከረመችው ነው። አልጌው ታሽጎ ፀሐይ ሲያገኝ ሃይድሮጅን ይሰጣል፣ እሱ ደግሞ ነዳጅ ይሆናል ብላ ነግራኝ ነበር። እኔ ስልኬን እያየሁ «እሺ እሺ» አልኳት። ዛሬ ትምህርት ቤት ልታሳየው ነበር።

እናቷ «አቦ አንተ ሰውዬ! አገር ለቤንዚን ይሰለፋል፣ አንተ ነዳጅ ትደፋለህ?» አለችኝ።

ልጄ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። «አብሽር አባዬ፣ ውሃውም ያስፈልገናል» ብላ ባዶ እጇን ሄደች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተስ የልጃችሁን ልፋት ሳታውቁ አበላሽታችሁ ታውቃላችሁ? በምን ካሳችሁ? ንገሩኝ እስቲ።

ቤቱ ውስጥ ያልሞላ ዕቃ የለም። የልጄ ካሳ ግን አልተከፈለም፤ ይቅርታ እንኳ ገና አላልኳትም።