እማዬ ተራዋን የሰጠች ጊዜ

የናፍጣና የአዲስ ስንዴ አቧራ ሲቀላቀሉ የሚፈጥሩት ሽታ አለ። አጨዳ በደረሰ ቁጥር ሮቤ በሙሉ እሱን እሱን ይላል፤ ኮምባይነሮቹ ከማሳ ወደ ማሳ ለመዛወር አስፋልቱን ሞልተው እየተንገጫገጩ ሲያልፉ፣ እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ መስኮት ገብቶ፣ የአልኮሉን ሽታ ሳይቀር አሸንፎ አፍንጫዬ ሥር ቁጭ ይላል። ያኔ እጄ ላይ ያለውን ሥራ እተውና ሳላስበው በር በሩን አያለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ አባቴ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ሽታው ሲመጣ ግን እሱም ተከትሎ የሚገባ ይመስለኛል። ሞኝ ነኝ መቼም።

አባቴ የኮምባይነር መካኒክ ነበር። እኛ አገር በዓመት ሁለቴ ስለሚታጨድ ሥራ አይፈታም፤ ከገሰራ እስከ ጊኒር ማሽኑ የቆመበት ሰው ሁሉ እሱን ያስፈልግ ነበር። ቤቱም ሁለት ነበር፤ አንዱ ሮቤ የእኛ፣ ሌላው ጎባ የእትዬ ዘይነባ። እናቴ እኔን ስትወልድ ክፉኛ ታማ ኖሮ ከእንግዲህ አትወልጂም ተባለች፤ አባቴ አራት ዓመት ምንም ሳይል ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ልኮ «ሌላ ላግባ ወይ» ብሎ አስጠየቃት፣ እሷም እሺ አለች። እሺ ያለችው ወዳ ይሁን ተጨንቃ የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ልጅ ነበርኩ።

ሁለት ሌሊት እኛ ጋ፣ ሁለት ሌሊት ጎባ ያድር ነበር። አባቴ ፍትሕ የሚባል ነገር በደሙ ውስጥ የገባ ሰው ስለነበር አንዷን ከሌላዋ አስበልጦ አላህ ፊት እንዳይጠየቅ ይሰጋ ነበር፤ ስኳር ሲገዛ እኩል፣ ዘይት ሲገዛ እኩል፣ ሻሽ ሲገዛ ከአንድ ጣቃ። ጫማ ላይ ሲደርስ ግን ጉድ ፈላ። የእናቴ እግር ትንሽ ነው፣ የእትዬ ዘይነባ ደግሞ ሰፊ፤ እሱ ሆዬ ለሁለቱም ሠላሳ ስምንት ቁጥር ገዝቶ ይመጣል። እናቴ ከኋላ በክር እያሰረች ትጫማለች፣ እትዬ ዘይነባ ተረከዙን በምላጭ ቀድዳ ትጫማለች፤ ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ ጠበበኝ፣ ሰፋኝ አላሉትም። ለእኔ ስትነግረኝ እናቴ እየሳቀች ነበር፤ ስቃ ስትጨርስ ግን ፊቷ ወዲያው ይጨልም ነበር።

ጎረቤቶቻችን «ታድለሽ» ይሉኝ ነበር። ጎባ ያሉት ልጆች አባታቸውን እየተናጠቁ ሲካፈሉ እኔ ጋ ሁለቱን ሌሊት የእኔ ብቻ ነበር፤ ሒሳቡ ልክ ነበር። እሱ በሚኖርበት ምሽት ቤቱ ይሞቃል፣ እናቴ ድምጿ ሳይቀር ይቀጥናል፣ እኔም በእጁ ስንጥቆች ውስጥ የገባውን ጥቁር ግራሶ በመርፌ እያወጣሁ ስለ ትምህርት ቤት እለፈልፍለታለሁ። በሦስተኛው ቀን ይሄዳል። ያኔ እኔና እናቴ ሁለት ሰው ሆነን፣ ከአንድ ትሪ በልተን፣ ከጨዋታ ይልቅ ዝምታ በዝቶብን በጊዜ እንተኛ ነበር። ልጅ ብሆንም ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያወቅኩት በእነዚያ ምሽቶች ነው።

አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት እትዬ ዘይነባ ሦስተኛ ልጇን ወለደች። ያ ክረምት ጉም ከቤታችን አጥር የማያሳልፍበት፣ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እርስ በርስ የማንሰማማበት ነበር፤ አባቴ የአራሷን ደም መፍሰስ ፈርቶ ከተራው ውጪ አምስት ሌሊት እዚያው ቆየ። ስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ልጅ መወለዱን ሲነግራት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንደሚሉት እንኳን ማርያም ማረቻት ባትልም፣ በእኛው ደንብ አልሐምዱሊላህ ብላ ስለ አራሷ ጤና ጠየቀችው። ከዚያ እሱ ደግነት መስሎት ነገሩን አበላሸው።

«ያለፈብሽን ሌሊት እክስሻለሁ፤ አምስት ሌሊት አከታትዬ እዚህ አድራለሁ» አላት።

እናቴ ትሪውን መሬት አስቀመጠች። «እንደ በሬ ሌባ ልትክሰኝ ነው?» አለችው፣ ድምጿን ሳታነሳ። «ተራዬን ለዘይነባ ሰጥቻታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ እዚያው እደር።»

በእኛ ዘንድ ሚስት ተራዋን ለጣውንቷ መስጠት ትችላለች፤ መብቷ ነው፣ ሲያሻትም አንድ ቃል ተናግራ መልሳ መውሰድ ትችላለች። ሴቶች ተናደው እንዲህ ማለታቸው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ወንዶቹም ነገሩን ያውቁታል፣ ይለማመጣሉ፣ ሽማግሌ ይልካሉ፣ ሻሽ ይገዛሉ፣ በሳምንቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። እናቴ የጠበቀችው ይህንኑ ልመና ነበር። አባቴ ግን ቃልን እንደ ቃል የሚይዝ ድርቅ ያለ ሰው ነበር፤ «ከልብሽ ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ እሷም እልኸኛ ናትና ሦስቴም «ከልቤ ነው» አለች። ጃኬቱን ደረበና የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሚመለስበትን ቀን በጣቴ እቆጥር ነበር፤ መልስ የሌለው ቁጥር መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ዝናቡ አባርቶ ስንዴው ቢጫ ሲሆን አባቴ ቀን ቀን መምጣት ጀመረ። ዱቄቱንም ዘይቱንም አንድ ቀን አላጓደለብንም። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል፣ እናቴ ሻይ ታቀርብለታለች፣ ስለ ቆርቆሮው ማፍሰስና ስለ ትምህርት ቤቴ እንደ ሁለት የተከበሩ ጎረቤታሞች ይነጋገራሉ፤ ጸሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ጭንቅላቴን ዳበስ ያደርገኝና «ኢንታላ ኮ» ብሎኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ ወደ ጎባ መኪና ይሄዳል። ያኔ የእናቴን ፊት ማየት አልፈልግም ነበር። የሚገርመው፣ ድሮ ተራዋ በነበረባቸው ምሽቶች እናቴ አሁንም ለእግሩ መታጠቢያ ውሃ ታሞቅ ነበር፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ትጠብቅና በማግስቱ ጠዋት የእኔን ልብስ ታጥብበታለች። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «እማዬ፣ ጥሪው በቃ» አልኳት። አፌን እንድይዝ ነገረችኝ። እሱ ይለምነኝ ብላ ትጠብቃለች፣ እሱ ትጥራኝ ብሎ ይጠብቃል።

ጥር ላይ፣ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ በሚያድርበት ወቅት፣ ራሴ ላመጣው ቆረጥኩ። ጠዋት የደንብ ልብሴን ለብሼ፣ ደብተሬን ይዤ ወጣሁና ወደ ትምህርት ቤት በመታጠፍ ፈንታ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። የሚኒባሱ ረዳት አባቴን ያውቀው ስለነበር ከሾፌሩ ኋላ አስቀመጠኝ። ጎባ ስደርስ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮዬን ቆረጠው፤ እየተንቀጠቀጥኩ የእትዬ ዘይነባን በር አንኳኳሁ።

እውነቱን ልናገር፣ ክፉ ሴት ጠብቄ ነበር። የከፈተችልኝ ግን ሕፃን ያዘለች፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ያበጠ፣ ሌላ ልጅ ቀሚሷ ላይ የተንጠለጠለባት ሴት ነበረች። እጄን በእጆቿ መሃል ይዛ አሞቀችልኝ፣ ትኩስ ወተት ሰጠችኝ፣ ለምን እንደመጣሁ ሳልነግራት ገባት። «እኔ ተራዋን ስጪኝ ብያት አላውቅም፣ ልጄ» አለችኝ። አባቴ ቤት ሲገባ ከማንም ጋር እንደማይጫወት፣ ሌሊቱን ሁሉ እሷ ጋ ቢያድርም ልቡ እዚያ እንደሌለ ነገረችኝ። ለካ እሷም ብቻዋን ነበረች።

አባቴ ለምሳ ሲገባ እኔን አየና ደነገጠ። እናቴ የታመመች መስሎት ነበር፤ ደህና መሆኗን ስነግረው በርከክ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

እንዴት አድርጎ እንደጠየቀኝ ዛሬም አልረሳውም። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲለምን አይቼ አላውቅም። ከጀርባው እትዬ ዘይነባ ሕፃኑን እንዳዘለች ቆማ፣ አዎ በይ፣ አዎ በይ እያለች ራሷን ነቀነቀችልኝ። አየኋት። ግን ውሸት የሚባል ነገር ከአፌ እንዳይወጣ አድርጎ ያሳደገኝ እሱ ራሱ ነበር፤ ቁርኣን ቤትም በአለንጋ ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው።

«አይ» አልኩት። «በራሴ ነው የመጣሁት።»

አባቴ ተነስቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በአፏ የሰጠችውን በአፏ ካልመለሰችው መብቷን መርገጥ ይሆንብኛል አለኝ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንዳስረዳ አላውቅም። ምሳ አብልቶኝ ራሱ ወደ ሮቤ መለሰኝ። በመንገድ ላይ እጄን ከእጁ ጋር ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ይዞኝ ነበር። አጥራችን በር ላይ እናቴ ቆማለች። ሰላም ተባባሉ፣ ግባ አላለችውም፣ ልግባ አላላትም። እሷም ትምህርት ቤት ቀርቼ የት እንደዋልኩ አልጠየቀችኝም፣ አልተቆጣችኝም፤ ያንን ያኔ እንደ ዕድል ቆጠርኩት።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሄዱ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ታሞ ጎባ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። እናቴ እንደ ማንኛዋም ባሏ እንደሞተባት ሙስሊም ሴት ሐዘኗን አራት ወር ከአሥር ቀን ተቀመጠች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሌሊት ላላደረላት ሰው፣ ከቤት ሳትወጣ፣ ኩል ሳትኳል፣ ቀኑን እየቆጠረች ጨረሰችለት።

አሁን እናቴ እኔ ቤት ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ለልጆቼ ያነሱ ልብሶችን እየለየን ሳለ፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ያንን ጎባ የሄድኩበትን ቀን አነሳሁባት። ትምህርት ቤት የምሄድ መስዬ እንደወጣሁ ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ወደ መናኸሪያ ስትታጠፊ አይቼሽ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልመለስሽኝም?»

የያዘችውን የልጅ ሹራብ አጥፋ አጥፋ ጨረሰች። «ይዘሽው ትመጫለሽ ብዬ ነዋ» አለች።

ተነስቼ ወጣሁ። ጓሮ ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነት ተናገርኩ እያልኩ ስጽናና የኖርኩበት ነገር ውሸት ሆኖ አገኘሁት፤ እናቴ ልካኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላወቅኩት። በእናቴ እልህ ልናደድ ፈለግኩ፣ በአባቴ ድርቅና ልናደድ ፈለግኩ፤ አልሆነልኝም። እንደ አሥር ዓመት ልጅ ነው ያለቀስኩት።

ጤና ጣቢያ ሻይ ሰዓት ላይ ስለ አንድና ሁለት ሚስት ክርክር ይነሳል። ከሌላ አገር የመጡት ባልደረቦቼ አንድ ለአንድ ካልሆነ ትዳር አይባልም ይላሉ፣ የእኛ አገሮቹ ፍትሕ ካለ ምን ችግር አለው ይላሉ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ፣ የሁለት ቤት ልጅ ነሽና አንቺ ፍረጂ ይሉኛል። እኔ ሁለት ያገባን ሁሉ በዳይ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ከአባቴ የበለጠ ፍትሐዊ ሰው አላየሁም። ግን በእሱ ፍትሕ ሁለት ሴቶችና እሱ ራሱ፣ ሦስቱም ብቻቸውን ቀሩ፣ እኔን ሳንቆጥር። ለራሴ ሲሆን አንድ ለአንድን መረጥኩ፤ ባሌ ጀማል ሽማግሌ ሲልክ ገና ሌላ ነገር ሳላነሳ የተናገርኩት ይህንን ነው። ተራ በሌለበት ቤት ተናድጄ የምሰጠው ተራ አይኖረኝም ብዬ ነው። አንድ ለአንድ መሆን ብቻውን ሰውን ከብቸኝነት እንደማያድን ግን አላውቅም ነበር።

በዚህ ክረምት እኔና ጀማል በማይረባ ነገር ተኳርፈን ሁለት ቀን ሳሎን አደረ። አንድ ግድግዳ ነው የለየን፣ እሱም ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ። በሁለተኛው ቀን ምሽት ራት ስናቀርብ ትልቋ ልጄ ብድግ ብላ ወደ ሳሎኑ በር አመራች፤ የእኔን ፊት አየች፣ የእሱን በር አየች። ቀሚሷን ይዤ አስቀመጥኳትና ራሴ ሄጄ በሩን ከፈትኩ።

«ጀማል፣ ና ራት ብላ» አልኩት።

ቃሌን ሳልጨርስ ተነስቶ መጣ፣ ከልጆቹ መሃል ተቀመጠ፣ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። እናቴ ማዕዱ ዳር ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።