ከሸማ ተራ የወጣችው ጅብ

እናንተ አዳዲስ የዱር እንስሳት ጥበቃዎች ሁልጊዜ ስለ ጫካው አደጋ ትጠይቁኛላችሁ። እስካሁን ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ግን መርካቶ ውስጥ የገጠመኝ ነው።

ነሐሴ እያለቀ ነበር። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ በሰፈሩ የሚያልፈውን ወንዝ ሞልቶት አንዲት ጅብ ሸሽታ ሸማ ተራ ገባች፤ ጠዋት አንድ የጋቢ መጋዘን ውስጥ ተገኘች። እኔና ሾፌሬ ታምራት የጣውላ ሳጥን፣ ገመድና ጠመንጃ ይዘን ደረስን። ጭቃው ላይ ሰፊ የፊት እግር ዱካ፣ ከኋላው አነስ ያለ፤ ወደ በሩ ይገባል፣ አይወጣም። ውጭ ሰዉ ድንጋይና ፌሮ ይዞ ቆሟል።

«ምን ትጠብቃለህ? በላት እንጂ!» አሉኝ ጋቢ ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ፣ ድንጋይ እንደጨበጡ።

«ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፤ ጥይቱ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ያገኛል። በሕይወት አወጣታለሁ። ሳጥኑን የሚሸከምልኝ ነው ያጣሁት።»

የኩሊዎቹ አለቃ ጋሽ ሰይድ ሳቁ። «ቡና ተሸክመናል፣ ብረት ተሸክመናል፤ ጅብ ብቻ ነበር የቀረን። ግባ፣ እኛ አለን!»

ሳጥኑን ከበሩ ጋር አጋጠምነው። ታምራት መዝጊያውን በገመድ ይዞ ቀረ፤ እኔ በጓሮ መስኮት ገባሁ። ባትሪዬን ሳበራ ከጋቢ እስሮች መካከል ሁለት ዓይኖች በሩ። ድምፅ አላሰማችም። ወደ በሩ ላስነሳት ብዬ አንዱን እስር ስገፋ በእኔው ላይ መጣች። በጀርባዬ ወደቅሁ፤ ጥርሷ አንገቴ አጠገብ የነበረውን እስር ዘነጠለው። ከዚያ በላዬ ዘልላ ብርሃን ወዳየችበት ወደ ሳጥኑ ሮጠች።

«ያዝኳት!» ብሎ ጮኸ ታምራት።

ደረቴ ርሷል። ደም መስሎኝ ዳሰስኩት። ወተት ነው።

ሳጥኑ ሲወጣ ድንጋይ ዘነበ። አንዱ የጋሽ ሰይድን ግንባር ፈነከተ፤ እሳቸው ግን ሸክሙን አላወረዱም። «ሸክሜን የሚነካ ማነው?» አሉ። የተረከቡትን ዕቃ ሳያደርሱ እንደማይለቁ ሰፈሩ ያውቃል። ውርወራው ቆመ።

«ታጠባለች» አልኩ። «ሩቅ ወስጄ ብለቃት ግልገሎቿ ይሞታሉ። እዚሁ ወንዙ ዳር ልልቀቃት?»

«ነገ ልጄን ብትበላስ?» አለ አንዱ።

«በርህን ዝጋ! ስንት ዓመት ቆሻሻችንን ስትበላልን ኖራ የለ!» አሉት ጋሽ ሰይድ ደማቸውን በፎጣ እየጠረጉ።

እትዬ ዘይነባ ድንጋዩን ጣሉት። «እናት ከሆነች ትሂድ።»

ለቀቅናት። ጎርፉ የወንዙን ዳር ጉድጓዶች ሁሉ ሞልቶ ነበር። ኩሊዎቹ የሰፈሩ ልጆች እንዳይወግሯት ተራ ገብተው ጠበቁ። ምሽት ላይ ግልገሎቿን ስትጣራ ይሰሟት ነበር፤ የሚመልስላት ግን አልነበረም። ቆይታ እሷም ዝም አለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አውሬ ከሰው እጅ አውጥቻለሁ። የትም ስሄድ ከዱካው በፊት ሰፈርተኛውን አነጋግራለሁ፤ እናንተም እንደዚያ አድርጉ። በሸማ ተራ ባለፍኩ ቁጥር እትዬ ዘይነባ ጋቢ ማጠፋቸውን ትተው፣ «ግልገሎቹ ተረፉ?» ይሉኝ ነበር።

«አላውቅም፣ እትዬ» እላቸው ነበር።