እየተራመድን የሞላነው ቅጽ

አንድ የአእምሮ መድኃኒት ሰው ላይ የሚሠራውን ሥራ በእግሬ ተከትዬ እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሚስቴም አላመነችኝ።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው። ቤት ለቤት እየዞርን፣ መድኃኒቱ የሚወስዱትን ሰዎች ስሜት ምን እንደሚያደርገው የምንጠይቅ መረጃ ሰብሳቢዎች ነበርን። ሌሎቹ ዲግሪ አላቸው። እኔ ሁለት ቋንቋና የማያልቅ ወሬ አለኝ። ትምህርቴን ያገኘሁት መድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ታጥፋ ከምትገባው ወረቀት ነው። ያቺን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው በዚህ አገር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በመጀመሪያው ቀን ስድስት ቤት ገባሁ። አንደኛው ጥያቄ «መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ደህና ነዎት?» ነው። ስድስቱም «ደህና፣ ይመስገን» አሉ። «ደህና» ከተባለ ቅጹ ወደ መጨረሻው ዝለል ይላል። ዘለልኩ። ቡራዩም ሄጄ ዘለልኩ።

አለቃችን ዶክተሯ ቅጾቹን አይተው «ጎበዝ! ማንም ላይ ችግር የለም ማለት ነው» አሉኝ። ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ሱሉልታ፣ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ደረስኩ።

«ኦቦ፣ አካም ጅርቱ?» አልኩ በኦሮምኛ፤ እንዴት ነዎት እንደማለት።

«ነጋ!» አሉኝ፤ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። ይህን ብለው ተነሱ። ተቀመጡ። ደግሞ ተነሱና በረንዳውን ዞሩ።

«ወዴት ነው ኦቦ?»

«ወዴትም። አንተ ጠይቅ፣ እኔ እሰማለሁ።»

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ወደ ጎን ሳቡኝ። «በሽታው ብሶባቸዋል። እህል እንኳ ቆመው ነው የሚበሉት። ሐሙስ ሐኪም ቤት ወስጃቸው መድኃኒቱን አስጨምራለሁ።»

ያቺ ወረቀት ትዝ አለችኝ። መድኃኒቱ ራሱ ከሚያመጣቸው ጣጣዎች መካከል «ቁጭ ብሎ መቆየት አለመቻል» ትላለች። ከተጨመረላቸው እንጦጦን ተሻግረው ፒያሳ መግባታቸው ነው!

ዝለል የሚለውን ራሱን ዘለልኩት። የቅጹን አርባ ጥያቄ ጓሮውን አብረን እየዞርን ጨረስነው። እሳቸው ምንም፤ እኔ አለከለክሁ።

«ኦቦ፣ ውስጥዎን ምን ይልዎታል?»

«ጉንዳን የወረረኝ ነው የሚመስለኝ። ቁጭ ስል ልፈነዳ እደርሳለሁ።»

«ታዲያ ለምን ‹ነጋ› አሉኝ?»

«ሰላምታ አይደል እንዴ! ለእንግዳ ገና ከደጅ በሽታ ይዘረዘራል? ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

ለዶክተሯ ደወልኩ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንከው?» አሉኝ። «ሐኪም አይደለሁም፣ እግረኛ ነኝ» አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን ለኦቦ ሐኪም ነገሩልኝ። ሐሙስ ዕለት መድኃኒቱ መጨመሩ ቀርቶ ተቀነሰ።

ከቅጹ ላይ አንደኛው ጥያቄ ወጣና «ቁጭ ብለው ይበላሉ?» የሚል ገባ። ሰበታንና ቡራዩን እንደ አዲስ ዞርናቸው።

«ደህና» ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ከሥራው የተማርኩት ይህንን ነው።

ያላመነ ሱሉልታ ሄዶ አዴ ጫልቱን ይጠይቅ። በምሳ ሰዓት ሂዱ፤ ኦቦ ቶሎሳም ተቀምጠው ይመሰክራሉ።