የሙሚና ወገብና የጋሼ ፈለቀ ብርጭቆ

ሙሚና ዱባይ ተራ ገበያ ውስጥ ቀሚስ መሸጥ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ነገረኛ ደንበኛ አያሸንፋትም፤ ምላሷም ዘበኛ የለውም። ያሸነፋት የጋሼ ፈለቀ እጅ ብቻ ነው።

ጋሼ ፈለቀ ከሱቋ ፊት ለፊት ብርጭቆ ይሸጣሉ። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ወገቧን ጨበጥ፣ ጎኗን ቆንጠጥ ያደርጋሉ። ስትቆጣ፣ «ምን ላድርግ የኔ ልጅ፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው» ይላሉ። ጠባብስ ጠባብ ነው። ግን ተሸካሚው ቦጋለ ሁለት ጆንያ ጭኖ የማንንም ወገብ ሳይነካ በዚያው ያልፋል። ጎረቤቶቿ «ጨዋታቸው ነው፣ ቻዪው» ይሏታል። መቻሉ ግን አልሆነላትም። ጠዋት ጠዋት እግሯ አልሄድ እያላት፣ ያንን የምትወደውን ሱቅ ለቅቃ አብነት ሰፈር ሌላ ሱቅ ልትከራይ አስባለች።

እኚሁ ሰውዬ ታዲያ ብርጭቋቸውን የነካ ሰው ጉዱ ፈላ። በራቸው ላይ «ሳያስፈቅዱ መንካት ክልክል ነው» የሚል ካርቶን ሰቅለዋል። አንድ ቀን አንዲት እናት ኩባያ በጣቷ ጫፍ ብትነካ፣ «ማንበብ አይችሉም ወይ?» ብለው አስደነገጧት። ለብርጭቆ የራራ አንጀት በሰው ወገብ ላይ እንዴት እንደጨከነ እንጃ። ሙሚና ግን ያን ጊዜ ሐሳብ መጣላት።

በማግስቱ ጋሼ ፈለቀ ሱቃቸውን ከፍተው ዞር ሲሉ ካርቶኑ ከበሩ ላይ የለም። ሙሚና አንገት ላይ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። እሷ ቀሚስ ታጥፋለች።

«አንቺ፣ ይሄ የኔ አይደለም እንዴ?»

«የእርስዎ ነው ጋሼ። ከብርጭቆዎ ይልቅ የሚነካው የኔ ወገብ ነው ብዬ ነው።»

መተላለፊያው በሳቅ ሞላ። ጋሼ ፈለቀ በለመዱት ጨዋታ ሊያልፉት እጃቸውን ወደ ወገቧ ሰደዱ።

«ጋሼ፣ ማንበብ አይችሉም ወይ?» አለ ቦጋለ ከነጆንያው።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። የሚያሳርፉበት ቢያጡ ራሳቸውን አከኩበት። «ለጨዋታ ነው እኮ» አሉ።

«እኔ አልተጫወትኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያስጠላኝ ነው የኖረው» አለች ሙሚና። ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ተሻግራ ወደ አንዱ ኩባያ እጇን ዘረጋች። «ይቺን ላንሳት?»

«አይቻልም» አሉ ከልማድ።

«እሺ» ብላ እጇን ሰበሰበች። «አዩ ጋሼ? ይኸው ነው።» ካርቶኑንም መለሰችላቸው።

ሙሚና አብነት አልሄደችም። ጋሼ ፈለቀም በሯ ጋ ሲደርሱ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ያልፋሉ። መተላለፊያው ለካ ይበቃል።