የወተት ልኬት ቀን በማፍቴይ በረት

በሩማንያ፣ በማራሙሬሽ ተራሮች አይብ ካሽ ይባላል። ማፍቴይ ካሽ ሲሠራ አድጎ፣ ካሽ ሲሠራ ሸበተ። በመሃል ግን እንጀራ ፍለጋ አገር ላገር ተንከራቷል። ስፔን በግ ጠበቀ፤ እዚያ አይቡን ኬሶ አሉት። ጀርመን ላም አለበ፤ እዚያም ኬዘ አሉት። የሰው አገር ሰው ፊቱን ሲያዞርበት ይቺ ቃል ብቻ እንደ ዘመድ ትቀበለው ነበር። የመንደሩ ቄስ ሲያጫውቱት፣ «የጥንት ሮማውያን ወታደሮች የአይብ ስንቃቸውን ካሴኡስ እያሉ በየሰፈሩበት ቃሉን ጥለውት ሄዱ። ወታደሩ አለቀ፤ ቃሉ ወለደ፣ ከበደ» አሉት።

«እሱስ እድሉ ነው፣ አባ። ቪዛ አምጣ የሚለው የለ» አለ ማፍቴይ።

ልጁ ዶክያ ግን ኔዘርላንድ ሄዳ በዚያው ቀረች፤ አግብታ ማሪትን ወለደች። ማፍቴይን ጉልበቱ ከዳው። በደንባቸው መሠረት ባለበጎቹ በጎቻቸውን ለበጋው ለእሱ ሊያስረክቡ በጸደይ ተራራ ወጥተው በአንድ ቀን ያልባሉ፤ የእያንዳንዱ ወተት ይለካል፤ የበጋው አይብም በዚያው ልክ ይከፋፈላል። ታዲያ ተተኪ ለሌለው ሽማግሌ በጉን ማን አምኖ ይሰጣል?

«መሃል በጋ ላይ ብትወድቅ አይቡን ማን ሊሠራልን ነው? ውሻህ?» አለው ብዙ በግ ያለው ጎረቤቱ ኢልየሽ።

«ዶክያ ትመጣለች።»

«ትመጣለች ትመጣለች ስትል እኛም ሸበትን እኮ!»

«ለልኬቱ ትመጣለች። ያን ቀን እዚህ ካልተገኘች በጎችህን ነድተህ ውረድ።»

እውነትም መጣች፤ ማሪትንም ይዛ። ልጅቷ የአያቷን ቋንቋ አትሰማም። ማፍቴይ ከትኩሱ አይብ ቆርሶ ሰጣትና «ካሽ» አላት።

«ካስ!» አለች ፈጠን ብላ። በእናቷ አዲስ አገር እንዲያ ነው የሚሉት።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? የማን ዘር መሰለቻችሁ!» ኢልየሽ እንኳ ሳቀ። ሰዎቹ ማለብ ጀመሩ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ማሪት ቀመሰችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ መዳፏ ላይ ተፋችው። ለእናቷም ብዙ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ምንም፣ አባባ።»

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ይሄ አይብ አይደለም ትላለች። ቤታችን የምንሄደው መቼ ነው ትላለች።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

ዶክያ አንገቷን ደፋች። «ነገ አልኳት።»

ማንም አልተቆጣም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ኢልየሽ ያለበውን ወተት ሳያስለካ ትቶለት በጎቹን እየነዳ ወረደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ማፍቴይ ልጁ ፊት፣ ሳይደበቅ፣ አለቀሰ። ወተቱ ግን ሊበላሽ ነውና ትልቁን የመዳብ ድስት እሳት ላይ ጣደ።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ፣ አባባ?»

«ማማሰያውን አቀብዪኝ» አላት።

ዶክያ በጎጆው ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት እንጨቶች የትኛው እንደሆነ አላወቀችውም።