ጃርቱ ጉድጓድ ውስጥ የቀረበት ዓመት

ልጅ ሳለሁ፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የበልግ ዝናብ በቀረበት ወቅት የታናሽ እህቴ የምሕረት እግር አበጠ። ጉንጯም ሞልቶ ስለነበር የወፈረች መስሎኝ ደስ አለኝ። ቤታችን ተበላ ከምትባለው ከተማ በላይ፣ የሁምቦ ቆላ ቁልቁል ከሚታይበት ዳገት ላይ ነበር። ከሩቅ ለሚያየው ሰፈሩ ረሃብ ያለበት አይመስልም። ጓሮው አረንጓዴ፣ የስኳር ድንቹ ሐረግም አረንጓዴ ነበር፤ ከሐረጉ ሥር ግን የሚቆፈር ነገር አልነበረም። የደረሰውን እንሰት ባለፈው ዓመት ቆርጠን ጨርሰነዋል፤ የቀረው ገና ለጋ ነበር።

አባቴ ለአገዳ ቆረጣ ወደ አዋሽ ሸለቆ ሄዷል። ጎረቤታችን ባሎቴ፣ በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት የምታገለግል ሴት፣ አንድ ቀን ልትጠይቀን መጥታ እህቴን አቀፈቻትና እግሯን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ስርጉዱ እዚያው ቀረ።

«ይሄ ውፍረት አይደለም» አለቻት እናቴን። «ነገ ይዘሻት ተበላ ውረጂ። እርዳታ እየሰጡ ነው።»

«ወርጄ ልሰለፍ? ባሌ በሌለበት ቤቱ ለማኝ ሆነ ይባል?»

«ልጅቷ ትሙት ታዲያ?»

«ከእኔ የባሰባቸው አሉ። ለእነሱ ይስጡ።»

ባሎቴ እህቴን ቁርበቱ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔ በዚያ ቀን የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቴ ልትሞት ትችላለች፣ እናቴ ደግሞ አትሰለፍም።

ተረቱ የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ተራኪው አዋ አንጁሎ ነበሩ። «አዋ» በወላይትኛ አባት ማለት ነው፤ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ የምንጠራው እንደዚያ ነበር። እሳቸው የአባቴ አጎት ስለሆኑ እናቴ ፊታቸው ቆማ እምቢ ልትላቸው አትችልም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ በየደጃፉ እያለፉ «ዛሬ በእገሌ ቤት» ይላሉ፣ የሰፈሩ ልጆችም ወደተባለው ቤት እንሮጣለን። ኩራዙ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፣ ጭሱ ጣሪያው ሥር እየተጠቀለለ ዓይናችንን ያቃጥለዋል፤ ያኔ ግን ዓይኑን አሽቶ የሚወጣ ልጅ አልነበረም፣ ምክንያቱም ፍሙ ላይ የተጣደ ማሰሮ ነበር።

ተረቱ አንድ ሕግ ነበረው። ሰሚው ሁሉ የሚበላ ነገር ካልያዘ አዋ አንጁሎ አይጀምሩም። በተራ እጃችንን ያያሉ።

«ባዶ እጁን የተቀመጠ ካለ ሆዱ ይጮሃል። ሆዱ ሲጮህ ደግሞ ጅቡ ይሰማል።»

ቶማ የሚባል የባሎቴ ልጅ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር። «ስሚ፣ የአንቺ ሆድ ጅቡን እየጠራው ነው!» ይለኛል።

«የአንተ ነው እንጂ! ሁለቴ በልተህም ይጮሃል!»

ለኛ የሚታደለን ጎደሬ ወይም ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር ነበር። ለእህቴ ግን በማንኛውም ቤት ብንሆን የተቀቀለ አደንጓሬና ከተገኘ ግማሽ ኩባያ ወተት ይሰጣታል። አንድ ማታ አላስቻለኝም።

«ለምን ለእሷ ብቻ?» አልኩ።

አዋ አንጁሎ ቀና ብለው ሳያዩኝ «እሷ የጃርቱ ልጅ ናት» አሉ። «የጃርት ልጅ ጎደሬ አትበላም።»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ እህቴም ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ተረቱ አንድና ያው ነበር። በድርቅ ዓመት ጃርት ጉድጓድ ቆፍሮ ምግብ ያከማቻል፣ ጅቡ ደርሶበት የጉድጓዱ አፍ ላይ ይተኛል። በየምሽቱ አንድ አውሬ ይመጣና ጃርቱን ለማስወጣት አንድ ብልሃት ያስባል፣ ሳይሳካለት ይመለሳል። ልክ ጅቡ ሊነሳ ሲል አዋ አንጁሎ ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው «የቀረው ነገ» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው አይበሉም። የሚቀርብላቸውን ወደ ልጆቹ ገፋ እያደረጉ «የሚተርክ ሰው ሳይጨርስ አይቀምስም» ይሉ ነበር። እኛም አመንናቸው።

አንድ ቀን ደጃፋችን ላይ ቆመው «ነገ እዚህ ነው» አሉ። በቤታችን ምን እንዳለ አውቅ ስለነበር ደነገጥኩ። ማድጋው ውስጥ የቀረችው የበቆሎ ዱቄት ለእኛም የምትበቃ አልነበረችም። እናቴ መሬት መሬት እያየች «እሺ፣ አባቴ» አለች። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ማድጋውን እየከፈትኩ አየሁ። ቶማ በየቤቱ ሲያወራው፣ ልጆቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ሲቀሩ ታየኝ። ሲመሽ ከምንጭ ውሃ ይዤ ስገባ ግን ማሰሯችን እስከ አፉ በአደንጓሬ ተሞልቶ ይንተከተካል። እናቴ በጭልፋ እያማሰለች «ምን ቆመሻል? ቁርበቱን አንጥፊ እንጂ» አለችኝ። የደበቀችው መስሎኝ ነበር። ያን ምሽት ቶማን «በእናንተ ቤት ጎደሬ፣ በእኛ ቤት አደንጓሬ!» አልኩት።

ዝናቡ ዘግይቶ ጣለ። ሰው ሁሉ ያለችውን አደንጓሬ ይዞ ወደ ማሳው ወጣ፤ የአዋ አንጁሎ መሬት ብቻ ጦም አደረ። በስተርጅና ሰነፉ ተባለ። ለደቦ የወጡ ወጣቶች በማሳው አጠገብ ሲያልፉ «ጃርት ሲያሳድዱ መዝራቱን ረሱት» እያሉ ይስቁ ነበር፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። በቆሎው ሲያሸት የእህቴ እግር እብጠት ጎደለ፣ መሮጥም ጀመረች። ተረቱ በዚያው ቆመ። መንገድ ላይ አግኝቻቸው «አዋ፣ ጃርቱስ ወጣ?» ስላቸው «ተይው፣ እዚያው ይብላ» ብለውኝ አለፉ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

አድጌ ጋዜጠኛ ሆንኩ። ለብዙ ዓመታት ስለዚያ ወቅት ሲወራ፣ ቤታችን የሰው እጅ ሳያይ እንዳለፈው እናገር ነበር። በዓይኔ ያየሁት እውነት ይመስለኝ ነበር፤ ማሰሮው የኛ፣ እሳቱም የኛ ነበርና። በኋላ በሁምቦ ኮረብቶች ላይ እንደገና ስላገገመው ደን ልዘግብ ስሄድ ባሎቴ ቤት ጎራ አልኩ። የጃርቱን ተረት መጨረሻ ታውቅ እንደሆን ጠየቅኋት። ሳቋ ቤቱን ሞላው።

«መጨረሻውን እሳቸው መች ያውቁት ኖሯል! አዋ አንጁሎ እኮ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ከዚያ በፊት ተረት ሲያወሩ ማን ሰምቷቸው ያውቃል? በየገበያ ቀኑ ተበላ ወርደው ጨው ሻጩን ሁሉ ‹ከዚያስ ጅቡ ምን አደረገ?› እያሉ ሲለምኑ ነበር የሚውሉት።»

«ለምን?»

«ለምን ትያለሽ? እናትሽ አልሰለፍም አለች። እኛ ሴቶቹ ተመካከርንና በየቤቱ በተራ ማሰሮ እንድንጥድ ተስማማን። ልጆቹን የሚሰበስብ፣ እናትሽም እምቢ የማትለው ሰው ጠፋ። እሳቸው ‹እኔ እሞክራለሁ› አሉ።»

«በእኛ ቤት የተበላውስ?»

«በጓሮ፣ በእንሰቱ መሃል ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የማን እንደነበር እናትሽን ጠይቂ።»

ያንኑ ሳምንት እናቴን ጠየቅኋት። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር። እንዳወቅኩ ሲገባት የምትቆሰቁስበትን እንጨት አስቀመጠች።

«ባሎቴን ‹ልጆቹ የእኛ ይምሰላቸው› ብዬ ለምኛት ነበር» አለች።

«የማን ነበር?»

«የአዋ አንጁሎ። ለዘር ያስቀመጡት አደንጓሬ ነው፤ ሌላ አልነበራቸውም።»